የዳለቻ ድግስና አምስቱ የደጅ ቅጠሎች

አራዊትን በየወገናቸው፣ አዕዋፍን በየክንፋቸው የፈጠረ፣ አንደበት ለሌለው አንደበት፣ ረዳት ለሌለው ረዳት የሚሆን እግዚአብሔር አምላክ ስሙ የተመሰገነ ይሁን። ለተናጋሪው የቀና ልብ፣ ለሰሚው የነቃ ጆሮ ይስጥ። ነገራችን በእርሱ ይጀመር፣ በእርሱም ይፈጸም፤ አሜን።

አንድ ጊዜ ዳለቻ የምትባል አህያ ነበረች። በድርቁ ዘመን ውኃ ፍለጋ ወደ ኩሬ ወርዳ እስከ ሆዷ ድረስ ጭቃ ዋጣት። በታገለች ቁጥር ይብሱን ሰመጠች። ይህን ያየች ሚዳቋ ብቻ ነበረች፤ ሚዳቋ ደግሞ ቀጭን ናትና አህያ ጎትቶ ማውጣት አይሆንላትም። ስለዚህ የምትችለውን አደረገች፤ ከኩሬው ዳር ቆማ ጮኸች። ድምፅዋ እስኪሰነጠቅ ድረስ ሁለት ቀን ሙሉ ጮኸች። በመጨረሻ ድኩላ፣ ጃርት፣ ጥንቸልና እማማ ዔሊ ሰምተው መጡ። አባ ጉሬዛም ከዛፋቸው ላይ ሐረግ ጣሉላቸው፤ ሁሉም ተጋግዘው አህያይቱን አወጧት።

ዳለቻ ከጭቃው እንደ ወጣች፣ ገና በአራት እግሯ ሳትቆም፣ ተሳለች። «ፈጣሪዬ ዝናብ ጥሎ ሣር በቅሎ ቢያሳየኝ፣ ይህ ዓመት ሳይወጣ እዚህ የቆማችሁትን ሁሉ በአንድ ዳስ ሰብስቤ አበላችኋለሁ። የመጀመሪያውንም ቁራሽ ለእህቴ ለሚዳቋ ራሴ አቀርባለሁ» አለች።

ዝናቡ ጣለ፤ ሣሩም በቀለ። ክረምቱ ሊወጣ ሲል የጳጉሜን የመጨረሻዪቱ ዕለት ለድግሱ ተቀጠረች። ያች ዕለት ካለፈች ዓመቱ ይወጣል፤ ስለቱም ይፈርሳል። ዳለቻም ይህን እያሰበች ወር ሙሉ ደከመች። ጌሾ አስወቀጠች፣ ጠላ ጠመቀች፣ የስንዴ ዳቦ ጋገረች፣ ንፍሮውን አዘጋጀች፣ ከንብ መንደር ማር ለምና አመጣች። በኮረብታው ራስ ላይ ከጽድ ግንድ ዳስ አቆመች። ማገሩንም ከሰው ቤት ስታመልጥ ጀርባዋ ላይ ተጭኖ በቀረው የጭነት ጠፍር እየጠፈረች አሰረችው። ያ ጠፍር ለዘመናት በቅቤ የታሸ፣ ሃያ ክንድ የሚሞላ የበሬ ቆዳ ነበረ። ዳሱን ዞራ ዞራ ባየችው ጊዜ ልቧ ሞላ።

ጥሪው ብቻ ቀረ።

በአራዊቱ አገር ስለ ጥሪ ሥርዓት አለ። ደጋሽ በየደጁ ራሱ ይዞራል፤ ካልሆነለት ጠሪ ይልካል። የተጠራው «እመጣለሁ» ካለ በደጁ ከበቀለው ተክል አንድ ቅጠል ቀንጥሶ ይሰጣል። ደጋሹ ቅጠሉን ተቀብሎ በእንግዳው መቀመጫ ላይ ያኖረዋል፤ እንግዳውም ሲገባ የደጁን ቅጠል አይቶ ቦታውን ያውቃል። የሚዳቋ ደጅ ክትክታ ነው፤ የድኩላ ወይራ፣ የጃርት አጋም፣ የጥንቸል ቀጋ፣ የእማማ ዔሊ ሸንበቆ። ሥርዓቱን ያቆሙት አባቶች ቅጠሉ መታየት እንዳለበት አዝዘዋል፤ ቅጠል የበቀለበትን ደጅ ይናገራልና።

ዳለቻ ለመዞር ተነሥታ ሳለ ቀበሮ በዳሱ ደጃፍ ሲያልፍ አገኛት።

«እመት ዳለቻ፣ እጅግ ያማረ ዳስ ነው» አለ፤ ራሱንም ዝቅ አደረገ። «እንዲህ ያለ ድግስ ደግሰው ታዲያ በዚያ ድምፅዎ ሊጠሩ ነው?»

የዳለቻ ሁለት ጆሮዎች ወደቁ። የመጀመሪያው ዝናብ የጣለ ዕለት ከደስታዋ ብዛት ጮኻ ነበር። ወፎች እንቁላላቸውን ጥለው ሸሹ፤ ጥንቸል ሆዱን ይዞ እየተንከባለለ ሳቀ። ከዚያን ጊዜ ወዲህ አፏን ከፍታ አልጮኸችም።

«ምን ላድርግ አያ ቀበሮ? የሰጠኝ ይህንኑ ድምፅ ነው» አለች።

«የሰጠዎትን አልነቅፍም። ግን ጥሪ ጣፋጭ አንደበት ይወዳል። እኔ ልጥራልዎ። ለያንዳንዱ በገዛ ቋንቋው!» ቀበሮ ጉሮሮውን ጠረገ። መጀመሪያ እንደ ድኩላ በወፍራሙ አጉረመረመ። ቀጥሎ እንደ ጃርት እያነጠሰ ተነጫነጨ። እንደ እማማ ዔሊም ቃሉን እየጎተተ «እ… መ… ጣ… ለ… ሁ… ልጄ» አለ። ዳለቻ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

በመጨረሻ የሚዳቋን ድምፅ አወጣ። «መጣሁ እህቴ፣ መጣሁ» አለ። በኩሬው ዳር የተሰነጠቀው ያ ድምፅ፣ ስንጥቁ ሳይቀር፣ ከቀበሮ አፍ ወጣ።

የዳለቻ የጀርባ ጠጉር ቀጥ ብሎ ቆመ። ገላዋ ያወቀውን ነገር ግን ልቧ አልሰማውም፤ እርሷ አሁንም በሳቁ ላይ ነበረች። «እንዲህ አድርገህ ጥራልኝ! ደጃቸውን ታውቀዋለህ?» አለች።

«ጓዳቸውን ሳይቀር» አለ ቀበሮ።

በማግስቱ ቀበሮ በኮባ የተጠቀለለ እሽግ ይዞ መጣ። ከኮባው ጫፍ አምስት ግንጣዮች ብቅ ብለዋል። «አምስቱም እሺ ብለዋል። ማለዳ ራሴ እየመራሁ አመጣቸዋለሁ» አለ። ዳለቻ በዚያ ሰዓት የጠላውን ጋን አፍ እየመረገች ነበር። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት» ብላ በአፍንጫዋ ቆጠረችና እሽጉን ሳትፈታ በዳሱ ምሰሶ ላይ ሰቀለችው። «መቀመጫው ሲስተካከል እፈታዋለሁ» አለች። መቀመጫው ተስተካከለ፤ ጠላው ተቀዳ፤ ዳቦው ተቀመጠ። እሽጉ ግን እንደ ተሰቀለ ቀረ።

የድግሱ ዕለት ጭጋግ ወረደ። እንዲህ ያለ ጭጋግ በዚያ ኮረብታ ታይቶ አያውቅም። ዛፉን ከነቅርንጫፉ፣ መንገዱን ከነኮረኮንቹ ሸፈነ። ከዳሱ ደጃፍ ሦስት እርምጃ ራቅ ብሎ የቆመ ነገር አይታይም። ድምፅም ቦታውን ሳተ፤ የሩቁ በጆሮ ሥር፣ የቅርቡ ከወንዝ ማዶ ይሰማ ነበር። አንድ ወፍ እንኳ አልተናገረም። ዳለቻ በደጃፉ ቆማ እንግዶቿን ትጠብቅ ጀመር።

ቀድመው የመጡት አባ ጉሬዛ ነበሩ። ነጩን ካባቸውን በጥቁሩ ላይ ደርበው ከዛፍ ወደ ዛፍ ተሻገሩና ከዳሱ በላይ ባለው ዝግባ ላይ ተቀመጡ። ማዕዱን የሚባርኩት እርሳቸው ናቸውና ማንም ሳይጠራቸው፣ የዝግባ ቅጠላቸውን ራሳቸው ይዘው መጡ።

«የቀሩትስ የታሉ?» አሉ።

«ይመጣሉ አባቴ። ጭጋጉ ይዟቸው ነው።» ዳለቻ ወደ ነጩ ባዶ አንገቷን አስግጋ ተጣራች፤ ድምፅዋን ግን ዝቅ አድርጋ ነው። «ድኩላ! የት ደረስህ?»

«መጣሁ፣ መጣሁ፤ ቀንዴ ሐረግ ይዞት ነው» የሚል ወፍራም ድምፅ ከጭጋጉ መለሰ።

«ጃርትስ?»

«መጣሁ! ምን ያጣድፍሻል? በእሾሄ መካከል ጭቃ ገባ!»

ዳለቻ ፈገግ አለች። ጠበቀች። ማንም አልገባም። ጤዛው ከዳሱ ጫፍ ጠብ ይላል፤ ጠላው በየዋንጫው ላይ ዐረፋውን ጨረሰ። ዳግመኛ ተጣራች፤ ዳግመኛም መለሱላት። ድምፃቸው በጣም ቅርብ ነበረ፤ አንድ እርምጃ ቢራመዱ ደጃፉን ያልፋሉ። የእግር ኮቴ ግን አልተሰማም። ድምፅ ብቻ ይመጣል፤ እንግዳ አይመጣም።

«ሚዳቋ፣ እህቴ?» አለች በመጨረሻ።

«መጣሁ እህቴ፣ መጣሁ። እግሬን እየጠረግሁ ነው።»

አባ ጉሬዛ ከዝግባው ላይ ዝቅ ብለው አዩዋት። «ልጄ፣ ጠሪሽ ማን ነበረ?»

«ቀበሮ ነው፣ አባቴ።»

አባ ጉሬዛ ወደ ዳሱ ውስጥ አጎነበሱ። «ቅጠላቸውንስ አይተሽዋል?»

«አዎን፣ ቆጥሬዋለሁ፤ አምስት ነው።»

«መቁጠርሽን አልጠየቅሁም» አሉ አባ ጉሬዛ።

ዳለቻ ልትመልስ አፏን ስትከፍት መሬት የሚፍቅ ነገር ተሰማ። ፍቅ አለ፤ ዝም አለ፤ ፍቅ አለ። ከጭጋጉ ሥር አንድ ጭቃማ ድንጋይ የመሰለ ነገር እየተሳበ ወጣና አንገት አበቀለ። እማማ ዔሊ ነበሩ።

«ደረስሁ መሰለኝ» አሉ እየተነፈሱ። «ዳቦው ተቆርሷል?»

«እማማ! እንኳን ደኅና መጡ! ቀበሮ በደኅና አመጣዎት?»

«የምን ቀበሮ?» እማማ ዔሊ ዓይናቸውን ጨፈን ገለጥ አደረጉ። «ማንም አልጠራኝም። አንቺ በኩሬው ዳር የተሳልሽ ዕለት በጆሮዬ ሰማሁ፤ አካሄዴን ስለማውቀው ዝናቡ እንደ ጣለ ተነሣሁ። ይኸው ሁለት ወር ሆነኝ። ደጄም ባዶውን ነው ያለ፤ ቢጠሩኝስ ማን ይሰማል?»

«ታዲያ አምስተኛው ቅጠል የማነው?» አለች ዳለቻ።

ቃሏን ሳትጨርስ ከጭጋጉ ውስጥ፣ ከዳሱ ጀርባ፣ ቃሉን የሚጎትት ያረጀ ድምፅ መጣ። «ዳ… ለ… ቻ… ልጄ… መ… ጣ… ሁ… መንገድ ላይ ነኝ።»

እማማ ዔሊ አንገታቸውን ወደ ጎጇቸው መለሱ። ከውስጥ ሆነው በቀስታ፣ «ልጄ፣ ያ የተናገረው እኔ ነኝን?» አሉ።

«አይደሉም እማማ» አለች ዳለቻ። «እርስዎ እዚህ ነዎት።»

«ሲናገር ስሰማ እኔ እዚያም ያለሁ መሰለኝ።»

ዳለቻ ወደ ኋላዋ ዞረች። ወደ ምሰሶው ሄዳ እሽጉን በጥርሷ አወረደች፤ ኮባውንም ቀደደችው። ክትክታ የለም። ወይራ የለም፤ አጋም፣ ቀጋ፣ ሸንበቆም የለም። አምስቱም ግንጣይ አንድ ዓይነት ነው። አንዱን ቅጠል ነከሰች፤ ምሬቱ እስከ ጉሮሮዋ ወረደ። ቅጠሉ ግራዋ ነበረ። አህያ የሣርና የቅጠልን ነገር ታውቃለች፤ በዚያ አገር ግራዋ የሚበቅለው በአንድ ስፍራ ብቻ መሆኑንም ታውቃለች። እርሱም ከገደሉ በታች፣ በጅብ ዋሻ አፍ ላይ ነው።

ግራዋውን ከአፏ ተፋች። ከዚያ በሹክሹክታ፣ «ከኋላችን ያለው ቀበሮ ነው። እኔን እዚህ አስሮ ሊያቆየኝ ነው የሚመልስልኝ። ልሄድ ነው» አለች።

«ብቻሽን?» አሉ አባ ጉሬዛ።

«በእኔ ስም ነው የተጠሩት።»

እማማ ዔሊ ከጎጇቸው ብቅ አሉ። «እንግዲያውስ ሂጂ፤ ወሬውን ለእኛ ተዪው» አሉና ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ዳለቻ! ይህ ጠላ ጌሾው በዛበት ልበል? አንቺው ቅመሺው እስቲ!»

«ልክ ነው ትላለች፤ እርስዎ መራራ አይወዱም ነው የምትለው!» አሉ አባ ጉሬዛ፤ በዘመናቸው ሁሉ ቀልደው አያውቁም ነበር። በዚህ ሽፋን ዳለቻ ኮቴዋን በሣሩ ላይ እያሳረፈች ወረደች።

ወደ ገደሉ ስትቀርብ ጭጋጉ ሸተተ። የበሰበሰ አጥንት ሽታ ነበረ። ከዋሻው በላይ ካለው ጠርዝ ቆማ ቁልቁል አየች። የዋሻው አፍ በትልቅ ድንጋይ ተገጥሟል፤ ከድንጋዩ ፊት ጅብ ቁጭ ብሎ የግራዋውን ቁጥቋጦ ያሽታል። አዲስ የተቀነጠሱ አምስት ጫፎች ነጭተው ይታያሉ።

«ማነው?» አለ ጅብ፤ ቀና ቢልም ከጭጋጉ በቀር ምንም አላየም።

«እኔ ነኝ አያ ጅቦ፤ ደጋሽዋ።»

«ኧረ! አህያይቱ? ቀበሮ እኮ አንቺን በስተመጨረሻ አመጣታለሁ ብሎኝ ነበር። ቀኑ አልፎ ነው እንዴ?»

«ራሴ መጣሁ። አንተ ግን በዚህ ብርድ ምን ትሠራለህ?»

«እጠብቃለሁ። ሁሉም ተሟልተው እስኪገቡ አንዱንም እንዳትነካ፣ ደም ከሸተታቸው ይበረግጋሉ ብሎኛል።» ጅብ ከንፈሩን ላሰ። «እኔም አንድም አልነካሁም።» የግራዋውን ቁጥቋጦ ዳግመኛ አሸተተ። «ደግሞስ አንድ እንኳ ብትሆን፣ ቀጭን ነበረች።»

ዳለቻ ኮቴዋን በአለቱ ላይ አጸናች። አሁን ማሰብ የለብኝም አለች በልቧ፤ አሁን መናገር ብቻ።

«አያ ጅቦ፣ ዳሴን በምን እንዳሰርሁት ታውቃለህ?»

«በሐረግ ነዋ።»

«በጠፍር ነው።»

ጅብ ተነሣ። «በጠፍር?»

«ሃያ ክንድ ነው። በቅቤ የታሸ፣ ላብ የጠጣ፣ ያረጀ።»

«ቀበሮ ይህን ያውቃል?»

«ቀበሮማ ከማለዳ ጀምሮ አጠገቡ ነው።»

ጅብ ይህን ሲሰማ ጥበቃውንም፣ ቃሉንም፣ ዋሻውንም ረሳ። «ለዚህ ነው እዚህ ያስቀመጠኝ! ለዚህ ነው!» እያለ ወደ ላይ ገሠገሠ። ጠመዝማዛው መንገድ ዳለቻ በቆመችበት ጠርዝ ያልፋል። እርሷም ከአለቱ ተለጥፋ ትንፋሿን ያዘች። ጅብ በጭራዋ ርዝመት ያህል ተጠግቶ፣ እርሷን ሳያይ፣ አለፈ። «ጠፍር… ጠፍር… ጠፍር…» ይል ነበር፤ ድምፁም ከሄደ በኋላ በጭጋጉ ውስጥ ቀረ።

ዳለቻ ወረደች። ጭነት የለመደ ደረቷን ከድንጋዩ አስደግፋ ገፋችው። ድንጋዩ ጥቂት ፈቀቅ አለ። የዋሻው ውስጥ ጨለማ ነው፤ የሚተነፍስ ነገር ይሰማል፤ የሚመልስ ግን የለም።

«እኔ ነኝ፤ ኑ፣ ውጡ» አለች በለስላሳ ድምፅ።

ማንም አልወጣም።

«ዳለቻ ነኝ!»

«ሁሉም እንዲህ ነው የሚለው» አለ ከውስጥ የጃርት ድምፅ። «ማለዳም እንዲህ ያለ ጣፋጭ ድምፅ ነው ያመጣን። አንወጣም!»

ዳለቻ ያን ጊዜ ገባት። ቀበሮ የሁሉን ድምፅ ሰርቋል። የእርሷን ጩኸት ግን ንቆት ነበረና ፈጽሞ አልሞከረውም። አንገቷን ዘረጋች፤ ያ ሁሉ የሳቀበትን አፍ እስከ ጥርሷ ሥር ከፈተች፤ ጮኸችም። ገደሉ ተናወጠ፤ የግራዋው ጤዛ ረገፈ።

«እርሷ ናት!» አለ ጥንቸል እያለቀሰ። «እንዲህ ያለ ድምፅ ሌላ ፍጥረት የለውም!»

በየስማቸው ጠራቻቸው። ድኩላ «አለሁ» ብሎ ወጣ። ጃርት እየተነጫነጨ ወጣ። ጥንቸል በሆዷ ሥር ገብቶ ቆመ።

«ሚዳቋ!» አለች ዳለቻ። ዋሻው ዝም አለ። «ሚዳቋ!» ዋሻው ዝም አለ። በሦስተኛው በሙሉ ድምፅዋ፣ ወደ ሰማይ፣ «እህቴ ሚዳቋ!» አለች።

ከላይ፣ ከኮረብታው ራስ፣ የተሰነጠቀ ቀጭን ድምፅ በጭጋጉ ወረደ። «መጣሁ እህቴ፣ መጣሁ። እግሬን እየጠረግሁ ነው።»

የዳለቻ ጆሮዎች ቀጥ አሉ። ድኩላ ግን ራሱን ነቀነቀ። «አትመልሺላት» አለ። «ሚዳቋ የለችም። ከሁላችን በፊት የገባችው እርሷ ነበረች። የመጀመሪያው ቁራሽ የኔ ነው፣ እህቴን አላስጠብቃትም እያለች ትቸኩል ነበር።»

ከላይ ግን ድምፁ አላቆመም። ጭጋጉ የጥሪውን ስፍራ ሰውሮበት፣ ቀበሮ ዳለቻ ገና በዳሱ ያለች መስሎት ነበር። «መጣሁ እህቴ! መጣሁ!»

በዚያን ጊዜ ጅብ ዳሱ ዘንድ ደርሶ የመጀመሪያውን ጠፍር አፉ ውስጥ ከትቷል። የሚዳቋን ድምፅ ሲሰማ ማኘኩን አቆመ። በታች የቆሙት ሁሉ እያንዳንዱን ቃል በጆሮአቸው ሥር እንዳለ ሰሙት።

«ማነው የተናገረው?» አለ ጅብ። ሆዱን አየ፤ ደግሞ ጭጋጉን አየ። «ሚዳቋ? አንቺ እዚህ ውስጥ አልነበርሽም እንዴ? በየት ወጣሽ?»

«አያ ጅቦ! ምን ልትሠራ መጣህ? እኔ ነኝ!» አለ ቀበሮ በራሱ ድምፅ፤ በድንጋጤም ተንተባተበ። «እኔ ነኝ፤ ቀበሮ ነኝ!»

«ቅድም ሚዳቋ ነበርሽ፤ አሁን ደግሞ ቀበሮ ሆንሽ!»

«እውነት እውነት ቀበሮ ነኝ! ድምፄን አታውቀውም?»

«አወቅሁት እንጂ። በጣም ትመስያለሽ» አለ ጅብ። «ከሆዴ የወጣ ወደ ሆዴ ይመለሳል።»

አጭር ጩኸት ተሰማ፤ የማን ድምፅ እንደ ነበረ እስከ ዛሬ የለየ የለም። በውስጡ ድኩላም፣ ጃርትም፣ ዔሊም ነበሩበት። ከዚያ ጅብ ወደ ጠፍሩ ተመለሰ፤ የመጨረሻዋን እስር ሲበጥስ ዳሱ ከነጽድ ግንዱ በላዩ ተናደ። ግንድ ጀርባውን እየመታው፣ ጠፍር ከጥርሱ እየተጎተተ፣ በኮረብታው ማዶ ቁልቁል ሸሸ። ሲሸሽም አንገቱን ወደ ሆዱ አዘንብሎ ያዳምጥ ነበር።

እኩለ ቀን ሲሆን ጭጋጉ ተገለጠ። እንግዶቹ ኮረብታው ላይ ደረሱ። ዳሱ ፈርሷል፤ ጋኑ ተሰብሯል፤ ንፍሮው ከሣሩ ጋር ተቀላቅሏል። እማማ ዔሊ ግን ዳቦውን በጎጇቸው ሥር ሸሽገው አቆይተውት ነበር። ዳለቻ «ጥቂት ጠብቁኝ» ብላ ሄደች። ወደ ሚዳቋ ደጅ ወረደች፤ ቅጠሉን ትመለከትና ትመረምር ያዘች፤ ከክትክታውም ራሷ አንድ ቀንጥሳ ተመለሰች። በመጀመሪያው መቀመጫ ላይ አኖረችው፤ የመጀመሪያውንም ቁራሽ ከፊቱ አስቀመጠች። ከዚያ ወዲያ አባ ጉሬዛ ባረኩ። በሉ፤ ማንም ግን ጮክ ብሎ አልተናገረም። ስለቱ በቀኑ ተፈጸመ፤ ዓመቱም ወጣ።

ከዚያን ዘመን ጀምሮ አህያ ስትጠራ በጠሪ አትጠራም፤ ድምፅዋንም አታለዝብም። በሙሉ አፏ ትጮኻለች። ጩኸቷን ስትጨርስም ሁለት ጆሮዎቿን አቁማ ዝም ትላለች። ያየ ሁሉ ደከማት ይላል፤ እርሷ ግን ታዳምጣለች። ከጭጋጉ ውስጥ «መጣሁ» የሚላትን ድምፅ አትፈልግም፤ የእግር ኮቴ ነው የምትጠብቀው።

ከዚህ የምንማረው ድግስ የሚደግስ ሰው ስለ ዳሱና ስለ ማዕዱ ከሚጨነቀው ይልቅ ወዳጆቹን ማን እንደሚጠራለት ሊጨነቅ እንደሚገባው፣ በስሙ የተጠራም እንግዳ ሁሉ በደኅና እስኪደርስ ድረስ አደራው ከደጋሹ ትከሻ እንደማይወርድ ነው።

ይህን የሰማችሁ ሁሉ፣ ደጃችሁ ቅጠል አይጣ፤ ማዕዳችሁ በረከት አይጕደልበት። የጠራችኋቸው በደኅና ይድረሱላችሁ፤ የጠሯችሁም በእውነት የሚወድዷችሁ ይሁኑ። በስተመጨረሻም በማያልፈው ማዕድ ዘንድ ቦታችሁን አውቃችሁ ለመቀመጥ ያብቃችሁ፤ ለዓለመ ዓለም፣ አሜን።